17፣ 18 ወይስ 19? ኮረኮንች ላይ ለሚውል ቢኤም የሚሆን ቸርኬ

ጥያቄዬ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ለገጣፎ ነው። ከዋናው አስፋልት እስከ በሬ 900 ሜትር ገደማ ይሆናል። ግማሹ ኮብልስቶን ነው፣ ቀሪው ኮረኮንች። መኪናዬ የ2008 ሞዴል ቢኤም 325 ናት፤ ኢ90 የሚባለው ቅርጽ። ስገዛት ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ነበረች። ፊት 225/40፣ ኋላ 255/35። አራቱም ጎማ ራንፍላት ነው፤ አየር ባይኖረውም ለጊዜው የሚያስኬደው ዓይነት።

ሰሞኑን የኋላ ቀኙ ጎማ በየማለዳው ተንፍሶ ይጠብቀኝ ጀመር። የሰፈራችን ጎሚስታ ሦስት ቀን ነፍቶ ሸኘኝ። በአራተኛው ቀን ሰለቸውና ፈታው። ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀስ እያለ አዞረው። ከጎማው በኩል ምንም የለም። ከቸርኬው የውስጥ ጠርዝ ግን ጥቃቅን አረፋ ተከታትሎ ይወጣል። በእራፊ ጨርቅ ጠረገውና በጥፍሩ ዳበሰው። እኔም ዳበስኩት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ናት፤ ርዝመቷ አንድ የጣት አንጓ አትሞላም። በውጭ በኩል ሲያዩት ቸርኬው እንደ ሙሽራ ነው።

እንግዲህ ሦስት ምርጫ አለኝ። አንደኛው ያንኑ 18 ፈልጎ መተካት ነው። ሁለተኛው አንድ ወዳጄ ከዱባይ አምጥቶ ያስቀመጠው ጥቁር 19 ኢንች ነው፤ ፎቶውን ካየሁ ወዲህ ልቤ እዚያ ነው። ሦስተኛው ወደ 17 መውረድ ነው፤ ይሄኛው ግን መኪናዋን የተላላኪ መኪና ያስመስላታል ብዬ ፈርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ወደ 19ኙ አዘንብያለሁ። መንገዱን ቀስ ብዬ ካለፍኩት ምን ይሆናል? እስቲ ልምዳችሁን አካፍሉኝ።

ምላሾቹ

ይህን የጻፍኩት እሁድ ማታ ነው። እስከሚቀጥለው እሁድ 43 ምላሽ ተከመረ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ያጡ ሰዎች አሳጥርልን ስላሉኝ በቁጥር በቁጥራቸው አቅርቤዋለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፤ የገባኝን በራሴ አነጋገር ነው የጻፍኩት።

1፦ ሰውየው ከሱሉልታ ነው። ሰላምታውን አሳምሮ ካቀረበ በኋላ ስለ ቸርኬው መልክ ትንፍሽ አላለም። ጉድጓዱን ለክቼ እንድመጣ ብቻ ጠየቀኝ። ቀጥሎ ሒሳቡን አስተማረን። ጎማ ላይ 225/40 ሲባል 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 40ው ደግሞ የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት እጅ ከመቶ እንደሆነ ነው የሚናገረው። ስለዚህ የእኔ የፊት ጎማ ጎን 90 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኋላው 89። 19 ኢንች ቸርኬ ላይ 225/35 ባስገባ ወደ 79 ይወርዳል። 17 ላይ 225/45 ባደርግ 101 ይሆናል፤ 16 ላይ 205/55 ቢሆን ደግሞ 113። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ግን በሁሉም ላይ ተቀራራቢ ነው፣ ከ632 እስከ 640 ሚሊ ሜትር። ቸርኬው ባደገ ቁጥር የሚቀነሰው ላስቲኩ ነው ማለት ነው። በ19ኙና በ17ቱ መካከል ያለው የላስቲክ ልዩነት ከሁለት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ድንጋይና ብረት እንዳይገናኙ የሚገላግለው ያ ሁለት ሴንቲ ነው ባይ ነው።

2፦ ይሄ የራሴ መልስ ነው። ጠዋት የልጄን ማስመሪያ ይዤ ወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ አባርቷል። አብዛኛው ጉድጓድ አራት አምስት ሴንቲ ነው። ከጎረቤቴ አጥር ሥር፣ ቧንቧ ለመቅበር ተቆፍሮ አፈር ብቻ የተመለሰበት ቦታ ግን ማስመሪያው 11 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ጠርዙ እንደ ደረጃ ቀጥ ያለ ነው። ውሃ ሲሞላው ከዳር ያለው ኩሬ ይመስላል እንጂ ጉድጓድ አይመስልም። የጎረቤቴ ዘበኛ ምን እየለካሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለመኪና ጎማ ነው ስለው ራሱን ነቅንቆ ወደ ሻዩ ተመለሰ።

3፦ አንድ ጎረምሳ ያለ ምንም ሐተታ 19 እንዳደርግ አዘዘኝና የራሱን መኪና ፎቶ ለጠፈ። መካድ አይቻልም፣ ታምራለች።

4፦ ሌላው ደግሞ 3 ቁጥር የት ሰፈር እንደሚኖር ጠየቀው። ቦሌ ነው። ሰዉ ሁሉ ሳቀበት። በኮሪደር ልማት አስፋልቱ እንደ ጠረጴዛ የተደለደለለት ሰው ለገጣፎን ሊመክር አይችልም የሚል ሐሳብ ሰፈነ። ልጁ ግን አልተቀየመም።

5፦ እህታችን ከሰበታ ናት። ማርቼዲስ ሲ ክላስ ትነዳለች፤ ደብሊው 204 የሚባለውን። ስትገዛው 18 ኢንች ነበረው፣ ኋላው ከፊቱ የሰፋ። ባለፈው ነሐሴ ማታ ከዓለም ገና ወደ ቤቷ ስትሄድ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገባች። የፊትም የኋላም ቀኝ ጎማ ባንዴ ሄደ። ስኮርታ የላትም። ቢኖራትስ አንድ ስኮርታ ለሁለት ጎማ ምን ያደርጋል? ወንድሟ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ ተቆልፋ ተቀመጠች። በሳምንቱ ወደ 16 ኢንች ወረደች፤ ከፋብሪካው ያ ሞዴል በ205/55 የሚመጣበት ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም አልገጠማትም። ቸርኬው ማነሱን ያስተዋለ አንድም ሰው እንደሌለ ነገረችን፤ አማቷ ብቻ ወገባቸውን መታመም እንዳቆሙ ተናገሩ።

6፦ አንዱ የእሷን የተረፉ 18ቶች ገዝቼ እንድገላገል ሐሳብ አቀረበ። በእሱ ቤት ጀርመን ጀርመን ነው።

7፦ ይሄኛው በጨዋነት አረመው። ማርቼዲስ አምስት ቡሎን አለው፣ ቢኤምም አምስት። ግን የማርቼዲስ ቡሎኖች የተሰለፉበት ክብ ዲያሜትሩ 112 ሚሊ ሜትር ነው፣ የእኔው 120። የመሃል ቀዳዳው ደግሞ የማርቼዲሱ 66.6፣ የእኔው 72.6። የማርቼዲሱ ቸርኬ ሞዞዬ ላይ፣ ማለትም ቸርኬው በሚታሰርበት የመኪናው ክፍል ላይ፣ እንኳ አይገባም። የቡሎኑ መቀመጫም ይለያያል። የማርቼዲስ ቡሎን አንገቱ እንደ ኳስ ክብ ነው፣ የቢኤም እንደ ሾጣጣ ቆብ። የአንዱን ቡሎን በሌላው ቸርኬ ላይ ያሰረ ሰው ያሰረ ይመስለዋል እንጂ የሚነካካው ብረት ከክር አይበልጥም።

8፦ 6 ቁጥር እጅ አልሰጠም። ቶርኖ ቤት ወስዶ ቀዳዳዎቹን ሞላላ የሚያደርግ ሰው እንደሚያውቅ ጻፈ።

9 እና 10፦ 9ኙ ተናደደ። ስድቡን ልዝለለው። ፍሬ ነገሩ፣ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው ከቶርኖ ቤቱ ጎን የሬሳ ሳጥን ቤትም አብሮ ይጠቁም የሚል ነበር። አወያዩ 10 ቁጥር ላይ ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። እኔ በግሌ 9ኙ አነጋገሩ እንጂ ነገሩ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

11፦ በተሰበሰበው ጭቅጭቅ መሃል አንድ ሰው ገላጋይ መሰለና ማንኛውም የቢኤም ቸርኬ ለማንኛውም ቢኤም ይሆናል አለ።

12፦ አይሆንም። ይሄንን የጻፈው ሰው ሳይቆጣ፣ ሳያሾፍ አስረዳው። ቢኤም ለረጅም ዘመን 120 ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ ሰባት ሲሪስ ጀምሮ ግን ወደ 112 ዞሯል፤ የ2017ቱ አምስት ሲሪስና የ2019ኙ ሦስት ሲሪስም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ ከአዲሱ ሞዴል የወለቀ ቸርኬ ለእኔ አይገጥምም። በሌላ በኩል የዘጠናዎቹ አምስት ሲሪስ፣ ኢ39 የምንለው፣ 120 ሆኖ የመሃል ቀዳዳው 74.1 ነው። እሱ ይገባል፣ ግን ክፍተቱን የሚሞላ የመሃል ቀለበት ይፈልጋል። 11 ቁጥር ወዲያው አመሰገነው፤ አንድ እንደዚያ ያለ ቸርኬ ሊገዛ ቀብድ ከፍሎ እንደነበርም ተናዘዘ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ መንደር ብዙ አይታይም።

13፦ እዚህ ላይ ጋሼ ገቡ። አቃቂ ነው የሚኖሩት፤ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። አጀማመራቸው ከቮልስ ነበር። የድሮዋ ቮልስ 15 ኢንች ቸርኬ ላይ 5.60 የተባለ ቀጭን ጎማ ታደርግ ነበር፤ በዚያ ጎማ ያልወጡት ዳገት እንዳልነበረ አስታወሱን። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ መጡ።

ሰው ሁሉ ቸርኬውን መሃል የሚያስቀምጠው ቡሎን ይመስለዋል። በጋሼ አባባል ግን ቸርኬ የሚቀመጠው ሞዞ ላይ ነው። የመሃል ቀዳዳው ሞዞውን ጥብቅ አድርጎ ሲጎርሰው ቸርኬው መሃሉን ያገኛል። የቡሎኑ ሥራ ጨምቆ መያዝ ነው። ቀዳዳው በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ ከሰፋ ቸርኬው ወዴት እንደሚያዘነብል የሚወስነው የጎሚስታው እጅ ይሆናል። ሰፈር ውስጥ አይታወቅም። ከቱሉ ዲምቱ ወጥቶ በአዳማ የፍጥነት መንገድ 90 እና 100 ሲነካ ነው መሪው እጅ ላይ መንዘር የሚጀምረው። ባለቤቱ ባላንስ ያስደርጋል። አሁንም ይነዝራል። አላይመንት ያስደርጋል። አሁንም። ኩሽኔታ ያስቀይራል። ገንዘቡ አለቀ፤ የጎደለችው ግን አንዲት የፕላስቲክ ቀለበት ነበረች።

አስተሳሰሩንም ነገሩን። ቢኤም ሞዞው ላይ የቆመ ቡሎንና ዳዶ የለውም፤ ቡሎኑ ራሱ ነው ከውጭ የሚገባው። ስለዚህ መጀመሪያ አምስቱንም በእጅ ማስገባት ነው፤ በእጅ ያልዞረ ቡሎን ክሩ ተዛብቷል ማለት ነው። ቀጥሎ አንዱን አጥብቆ ጎረቤቱን በመዝለል፣ ኮከብ እንደሚሳል። መጨረሻው ልኩ ኢ90 ላይ 120 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ እንደገና መታየት አለበት። ቁልፉ ላይ ቧንቧ አስረዝሞ በእግሩ የሚረግጥ ጎሚስታ ሲያዩ መኪናቸውን ይዘው እንደሚሸሹ ጻፉ።

14፦ እኔ ነኝ። ጋሼን የተሰነጠቀው ቸርኬዬ ይበየድ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

15፦ መልሳቸው አጭር ነበር። በአርጎን ይበየዳል፤ አረፋውም ይቆማል። ግን ቸርኬው ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ስለታከመ ነው፤ የብየዳው እሳት ያንን ጥንካሬ በዙሪያው ያጠፋዋል። ስንጥቁ የዳነ መስሎ ከጎኑ ይሰነጠቃል። የታጠፈ ጠርዝ ይቃናል፤ የተሰነጠቀ ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

16 እና 17፦ 16 ቁጥር በዚህ አልተስማማም። አስበይዶ ሁለት ዓመት ነድቷል። 17 ቁጥር የት የት እንደነዳው ጠየቀው። ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት። በዚያው አበቃ።

18፦ ይሄኛው ምላሽ ለኪሴ ጠቅሞኛል። ሰውየው መርካቶ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ቢቢኤስ የሚል የታተመበት ቸርኬ ገዛ። የየትኛው ሱቅ እንደሆነ አልጻፈም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ቢቢኤስ እ.ኤ.አ. በ1970 ጀርመን ሺልታክ በምትባል ከተማ የተጀመረ ፋብሪካ ነው፤ ስሙም የሁለቱ መሥራቾችና የከተማዋ መነሻ ፊደላት ነው። የእሱ ቸርኬ ግን በጀርባው መላጣ ነበር። ኢንቹ አልተጻፈም፣ ስፋቱ የለም፣ የሚሸከመው ክብደት የለም። ደህና ቸርኬ ጀርባው እንደ መታወቂያ ነው። ስፋትና ኢንቹ፣ ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚወጣ የሚናገረው ኢቲ የሚለው ቁጥር፣ የክብደት ልኩ፣ በጃፓኖቹ ላይ ደግሞ ጄደብሊውኤል የሚለው የመመዘኛ ምልክት በብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ተለጥፎ ሳይሆን ተቀርጾ። የሰውየው ቸርኬ በስድስት ወሩ የመሃል ክዳኑ ላይ ያለው አርማ ከታጠበ በኋላ ተላጠ፤ ሥሩ የሌላ ድርጅት አርማ ነበር።

እግረ መንገዱን በፎርጅድና በቀላጭ መካከል ያለውንም ልዩነት አነሳ። አብዛኛው ቸርኬ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ አልሙኒየም ነው። ኃይለኛ ምት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ፎርጅዱ ብረቱ በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ ስለሚሠራ ቀለል ይላል፤ ሲመታም መታጠፍ ይቀናዋል። ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው።

19፦ ፎርጅድ የሚል ቃል ሲሰማ አንድ የጃፓን መኪና ወዳጅ ዘሎ ገባ። የሬይስን ቲኢ37 አወደሰ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ነው፤ 37 የተባለው የ15 ኢንቹ ክብደት 3.7 ኪሎ ስለነበር ነው። ለእኔ ጥያቄ ምንም አይጨምርም፣ ግን ደስ ብሎኝ አነበብኩት።

20፦ ወሬው ከተነሳ ተብሎ ሌላው የአጎቱን ታሪክ አመጣ። አጎትየው ከጀርመን አልፒና ቸርኬ ያላት ቢኤም ይዘው መጡ፤ ባለ ሃያ ዘንግ የሆነውን። አንድ ቀን ሊያስነፉ ጎሚስታ ዘንድ ሄዱ። ልጁ ቫልቩን ቢፈልግ ቢፈልግ የለም። ቸርኬውን ዞረው። ጎማውን በእጁ ዳበሰ። በመጨረሻ ይሄ ጎማ የሚነፋ አይደለም፣ ድፍን ነው ብሎ ፈረደ። ለካስ የዚያ ቸርኬ ቫልቭ የተደበቀው መሃሉ ላይ ካለው ክዳን ሥር ነው። አጎትየው ራሳቸው አያውቁም ነበር።

21፦ ወደ ጉዳዬ ልመለስ ብዬ የወዳጄን 19 ዝርዝር ለጠፍኩ። ስፋቱ 8.5፣ ኢቲው 20።

22፦ ይህንን ውይይት የገለበጠው ይሄ ምላሽ ነው። ሰውየው ሰንዳፋ ነው የሚኖረው፤ መሐንዲስ ይመስለኛል፣ አነጋገሩ ቁጥር ቁጥር ይላል። ኢቲ ማለት ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው መካከል ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንዳለ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። የእኔ የፊት ቸርኬ ከፋብሪካ 8 ኢንች ስፋት፣ ኢቲ 34 ነው። በዚህ ምትክ 8.5 ኢቲ 20 ካደረግኩ የውጭው ጠርዝ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ፓራፋንጎ ይገፋል። ባዶ መኪና ላይ ልተርፍ እችላለሁ። ከኋላ ሦስት ሰው ጭኜ ደብረ ብርሃን ልሂድ ካልኩ ግን በየእብጠቱ ፓራፋንጎው ጎማውን ይልጠዋል። ኩሽኔታውም ሸክሙ ከመሃሉ ስለሚርቅበት ቶሎ ይደክማል። እዚያ ላይ የጎማው ጎን 79 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጉድጓዴ 110። ሒሳቡን እኔው እንድጨርሰው ተወልኝ። የሚመክረው 17 ኢንች፣ 8 ስፋት፣ ኢቲ 34፣ አራቱም አንድ ዓይነት። አራቱ አንድ ከሆኑ የፊቱን ወደ ኋላ እያፈራረቁ ጎማ ማስጨረስ ይቻላል። አሁን ባለኝ ሰፊና ጠባብ ይሄ አይሆንም።

ይህን አንብቤ ስልኬን አስቀመጥኩ። ፎቶውን እንደገና አየሁት። አሁንም ያምራል። ተናደድኩ።

23 እና 24፦ 23 ቁጥር ቸርኬውንም መኪናውንም ሸጬ ኤሌክትሪክ እንድገዛ መከረ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ መለዋወጫ እያነሰ ይሄዳል ባይ ነው። 24 ቁጥር ግን የባትሪው ክብደት ጎማና ቸርኬ ላይ እንደሚያርፍ፣ ኮረኮንች ለኤሌክትሪክ መኪናም ኮረኮንች መሆኑን አስታወሰው።

ከ25 እስከ 29፦ ስለ መብራት መጥፋትና ስለ ቻርጅ ነው። ስለ ቸርኬ አንድ ቃል የለም። ዘልዬዋለሁ።

30፦ አንዱ ተነስቶ እኔን አበጠረኝ። ኮረኮንች ሰፈር ቢኤም ይዞ መግባት የታይታ በሽታ ነው፣ ኮሮላ ምን አደረገህ ዓይነት ነገር። ከዚያም የሰው ኑሮ እንዲህ ተወዶ ስለ ቸርኬ ቀለም መጨነቄን አነሳ። መጀመሪያ ልመልስለት ጻፍኩ፣ አጠፋሁት፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ያበሸቀኝም እሱ ይመስለኛል።

31፦ የሰበታዋ እህታችን አስጥላኛለች። መኪናው የተገዛው በላብ ነው፤ ግብሩም ተከፍሏል፤ ጉድጓዱን የቆፈረው ቢኤሙ አይደለም። ደግሞ የኮሮላ ቸርኬም ይሰነጠቃል አለች፤ ያባቷን ምስክር ጠርታ።

32፦ የራንፍላቱ ጉዳይ በመጨረሻ ተነሳ። የዚህ ሰው ምላሽ ረጅምና የተረጋጋ ነው። ኢ90 ስኮርታ የለውም፣ የሚቀመጥበት ጉድጓድም ሻንጣው ውስጥ አልተሠራለትም። ፋብሪካው የተማመነው በራንፍላቱ ነው። አየሩ ቢያልቅም በአብዛኛው በሰዓት ከ80 ሳያልፉ 80 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። የሚችለው ጎኑ ደንዳና ስለሆነ ነው። ያው ድንዳኔ ግን ጉድጓድ ሲገኝ ምቱን ሳይውጥ ቀጥታ ለቸርኬው ያቀብለዋል። የእኔ ቸርኬ መሰንጠቅ ግማሹ ኃጢአት የራንፍላቱ ነው ብሎ ያምናል። ተራ ጎማ ካደረግኩ ግን ትንሽ የአየር መሙያ፣ የቀዳዳ መድፈኛ ገመድ፣ ክሪክና የቡሎን ቁልፍ ሻንጣ ውስጥ ይኑር። ራቅ ወዳለ አገር ስሄድ አንድ 17 ጭኜ ብሄድ ደግሞ የተሻለ። አየሩን ማለዳ ጎማው ሳይሞቅ መለካትንም አደራ አለ።

33፦ አንዱ ከላይ የተባለውን ሳያነብ ስንት ቡሎን እንዳለው ጠየቀ። አምስት።

34፦ ይሄኛው ጥያቄ ብቻ ነበር። ወዳጄ የሚሸጥልኝ 19 ጎማው የላዩ ላይ ነው ወይ? አዎ ከሆነ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች እንዳይ። 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ወዳጄን ፎቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። ሁለት ቀን ቆይቶ ላከ። 0916። ሻጩ አዲስ ማለት ይቻላል ብሎት ነበር።

35 እና 36፦ ስለ ስርቆት ነው። 35ኛው ቁልፍ ያለው ቡሎን በየቸርኬው አንድ አንድ እንዳደርግ መከረ። 36ኛው ቁልፉን የጣለ ሰው ነው። ጎሚስታው ትንሽ ያነሰ አሮጌ ቡሶላ ቡሎኑ ላይ በመዶሻ ደበደበና አስገብቶ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አወጣው። ሰውየው ቁልፉ ባይኖርም እንደሚወጣ ሲያይ መደሰት ይሁን መደንገጥ ግራ ገባው።

37፦ ጋሼ ተመለሱ። ጥቁር ቸርኬ ላይ የፍሬን ዱቄት አይታይም ብለው የሚያሞኙኝ ካሉ፣ የለገጣፎ ጭቃ ግን ሲደርቅ ነጭ መሆኑን እንዳልረሳ።

38፦ ሰሚት የሚኖር ሰው ከራሱ ኢ90 ያወለቀው 17 እንዳለው ጻፈ፤ 8 ስፋት፣ ኢቲ 34። የራሱን ወደ 18 አሳድጎ ነው የሚሸጠው። እሱ አስፋልት ዳር ነው የሚኖረው።

39፦ እኔ። ቅዳሜ ሄድኩ። የሰፈራችንን ጎሚስታ ይዤው ነው የሄድኩት፤ የሻይ ከፈልኩት። ቸርኬዎቹን በጀርባቸው ገልብጦ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፣ ዶክመንት እንደሚያነብ ጸሐፊ። ከዚያ እያንዳንዱን አቁሞ በቁልፍ መታ መታ አደረገ። ሦስቱ እንደ ደወል አቃጨሉ። አራተኛው ድምፁ ድፍን አለ። የውስጥ ጠርዙን በጣቱ ተከትሎ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። እጄን ይዞ አስነካኝ። የታጠፈ ነው፣ ስንጥቅ የለውም። ሻጩ ሳይከራከር የአንዱን ዋጋ ግማሽ ቀነሰ። ማቃናቱ በሰዓት አለቀ። በርሜሉ ውስጥ አዞርነው፤ አረፋ የለም።

40 እና 41፦ ሁለት የእንኳን ደስ አለህ። አንዱ ከ30 ቁጥር ነው። ኮሮላውን ግን አሁንም አልተወም።

42፦ የሱሉልታው ሰው የጉድጓዱን ፎቶ እንድለጥፍ ጠየቀ። ለጠፍኩ። ማስመሪያው መሃሉ ላይ ቆሟል።

43፦ 3 ቁጥር፣ የቦሌው ልጅ። የወዳጄ 19 አልተሸጠ እንደሆነ ስልኩን እንድልክለት ለመነኝ። ላክሁለት። ከስልኩ ሥር 0916 ብዬ ጨመርኩበት። ኮዱ የጎደለ ሌላ ስልክ ቁጥር መስሎት ሊደውል ነበር።